ዳቦ ከመተው በፊት

ለወራት ሆዱ ሲነፋ የከረመ ሰው የሚሄድበት መንገድ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ «ጨጓራ ነው» ይባልና ኦሜፕራዞል ይታዘዝለታል። ቀጥሎ የኤች ፓይሎሪ ምርመራ፣ ከዚያም አንቲባዮቲክ። አገር ቤት ከሆነ አሜባና ጃርዲያም ተራቸውን ይጠብቃሉ። ይህ ሁሉ አልረዳ ሲል አንድ ወዳጅ «እስኪ ዳቦና ፓስታ ተው፤ እኔን ያዳነኝ እሱ ነው» ይለዋል። ይተዋል። ሆዱ ይረጋጋል፣ ድካሙም ቀለል ይላል። ከወራት በኋላ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ «የስንዴ በሽታ ሳይኖርብኝ አይቀርም፣ ይመርመርልኝ» ይላል። ደም ይቀዳል፤ ውጤቱ ኔጌቲቭ ይሆናል። ሐኪሙም ታማሚውም ጉዳዩ የተዘጋ ይመስላቸዋል።

አልተዘጋም። ያ ወረቀት በሽታው አለም የለምም አይልም። የሴሊያክ የደም ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት በግሉተን ላይ ሲነሣ የሚያመርተውን አንቲቦዲ ነው፤ ግሉተኑ ከገበታ ሲርቅ አንቲቦዲውም ቀስ በቀስ ከደም ይጠፋል። እሳቱን አጥፍቶ ጭስ እንደ መፈለግ ነው። ስለ ሴሊያክ ምርመራ ብዙ የሚባል ነገር ቢኖርም፣ ታማሚውን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የቅደም ተከተል ስሕተት ነው ባይ ነኝ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደዚያ ይመለሳል።

ሴሊያክ በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ያለው ግሉተን የሚቀሰቅሰው፣ የሰውነት መከላከያ የገዛ አንጀቱን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ገጽ ምግብ የሚመጥባቸው ቪላይ የሚባሉ ጥቃቅን ዘርፎች አሉት። ጥቃቱ እነሱን ያሳጥራቸዋል፣ ሲብስም ድራሻቸውን ያጠፋል። ሁሉም ታማሚ ግን ተቅማጥ አይዘውም። አዋቂ ላይ የሚታየው ብቸኛ ምልክት የአይረን ኪኒን እየተዋጠም አልሻሻል ያለ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። በሌላው የአጥንት መሳሳት ነው፤ በልጅ ላይ ቁመት አልጨምር ማለት፤ በአንዳንዱ ክርንና ጉልበት ላይ የሚወጣ፣ እንቅልፍ የሚነሣ የሚያሳክክ ሽፍታ። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል፤ አብዛኛው የተያዘ ሰው መያዙን አያውቅም።

ታሪኩን ትንሽ ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ዛሬ «ዳቦ ትቼ ተሻለኝ፣ ስለዚህ ሴሊያክ ነኝ» የሚለው ሰው የሚከተለው አስተሳሰብ አንድ ዘመን ላይ ሐኪሞቹም የሚሠሩበት ነበር። የለንደኑ የሕፃናት ሐኪም ሳሙኤል ጊ በ1888 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በሽታውን ሲገልጽ፣ ታማሚው የሚድን ከሆነ በምግብ ነው የሚድነው ብሎ ነበር። የትኛው ምግብ እንደሚጎዳ ግን አላወቀም። በ1924 የኒውዮርኩ ሲድኒ ሃስ ሕፃናቱን በሙዝ መመገብ ጀመረ። ልጆቹ ሲያገግሙ ምስጋናው ሁሉ ለሙዙ ሆነ፤ ከአመጋገቡ ዳቦና ብስኩት መውጣታቸውን ልብ ያለ አልነበረም። ትክክለኛ ውጤት በተሳሳተ ምክንያት ማለት ይህ ነው፤ የሙዝ አመጋገቡም ለዓመታት ሲታዘዝ ኖረ።

ነገሩን የፈታው ሆላንዳዊው ቪለም ካሬል ዲከ ነው። ዲከ ዘ ሄግ ውስጥ በሚገኘው የጁሊያና የሕፃናት ሆስፒታል ይሠራ ነበር፤ ስንዴን መጠርጠር የጀመረውም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ነው። በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው የረሃብ ክረምት ምዕራብ ሆላንድ ዳቦ አጣች። ሕዝቡ ሲራብ የሴሊያክ ልጆች ግን ጥርጣሬውን የሚያጠናክር ለውጥ አሳዩ። ሆኖም ዲከን ከሃስ የሚለየው ማየቱ ብቻ አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ ከኡትሬክት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ልጆቹን በቁጥጥር ሥር ስንዴ እየሰጠና እየከለከለ፣ በሰገራቸው የሚወጣውን ስብ አስለካ። ስንዴ ሲገባ ስቡ ይጨምራል፣ ሲወጣ ይቀንሳል። ይህንን በ1950 የመመረቂያ ጽሑፉ አድርጎ አቀረበው። «ልጁ ተሻለው» ከሚለው የእናት ቃል ተነሥቶ በግራም የሚለካ ነገር ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ዓይን ወደ አንጀቱ ዞረ። በ1954 እንግሊዛዊው ጆን ፖሊ በቀዶ ሕክምና በተወሰደ ናሙና ላይ የዘርፎቹን መጎዳት አሳየ። በ1956 ማርጎ ሻይነር ሆድ ሳይከፈት በአፍ በኩል የአንጀት ናሙና የሚወሰድበትን መንገድ አስተዋወቀች። ይህ በእጅ ሲገባ የአውሮፓ የሕፃናት የጨጓራና የአንጀት ሐኪሞች በ1969 ኢንተርላከን ላይ ተሰብስበው የምርመራ ደንብ አወጡ። ደንቡ ከባድ ነበር። ልጁ ግሉተን እየበላ ናሙና ይወሰዳል፤ ግሉተን ትቶ ሲያገግም እንደገና ይወሰዳል፤ ከዚያ መልሶ እንዲበላ ተደርጎ ለሦስተኛ ጊዜ ይታያል። ሦስት ናሙና ከአንድ ሕፃን! ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ጭካኔ ይመስላል። ይሁን እንጂ በጊዜው «ተሻለኝ» የሚለውን ቃል ብቻውን ማስረጃ አድርጎ አለመቀበል ትልቅ ጥንቃቄ ነበር፤ ጥንቃቄውን ዛሬም ብንወርሰው አይከፋም።

ነገሩን ይበልጥ ያቀለለው የደም ምርመራው ነው። በ1997 በርሊን ውስጥ ዲተሪሽ፣ ሹፓንና ባልደረቦቻቸው የሴሊያክ አንቲቦዲዎች የሚያነጣጥሩት ቲሹ ትራንስግሉታሚኔዝ በተባለ የራስ ኢንዛይም ላይ መሆኑን አገኙ። ዛሬ ላብራቶሪዎች ቲቲጂ አይጂኤ የሚሉት ምርመራ ከዚህ የወጣ ነው። ርካሽና ፈጣን ሲሆን በሽታው ካለባቸው ግሉተን በሊታ አዋቂዎች ዘጠና ከመቶ በላይ የሚሆኑትን ያወጣል። አጠገቡ ኢኤምኤ የሚባል፣ የበለጠ የሚታመን ነገር ግን በማይክሮስኮፕ የሚነበብ፣ የአንባቢውን ልምድ የሚጠይቅ ሌላ ምርመራ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ከላብራቶሪ የሚያወጣውን ወረቀት አቅርበን እንየው። አንዱ መስመር ላይ «ቲቲጂ አይጂኤ» ይላል፤ ከጎኑ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ጎን ደግሞ የላብራቶሪው ጣሪያ፣ ማለትም ጤነኛ የሚባለው የመጨረሻ ከፍታ አለ። ከሥሩ «ጠቅላላ አይጂኤ» የሚል ሁለተኛ መስመር መኖር አለበት። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይኼኛው ነው። አንዳንድ ሰው ሲፈጠር አይጂኤ የተባለውን የአንቲቦዲ ዓይነት አያመርትም፤ ከሴሊያክ ታማሚዎች መካከል እንደዚህ ያሉት ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ይሆናሉ። እንዲህ ያለ ሰው አንጀቱ ተግጦ ቢያልቅ እንኳ ቲቲጂ አይጂኤው ዝቅተኛ ሆኖ ይወጣል፤ የሚለካው ነገር መጀመሪያውኑ የለውማ። ለእሱ የሚታዘዙት አይጂጂ የሚባለውን ዓይነት የሚፈልጉ ሌሎች ምርመራዎች ናቸው። እንግዲህ ኔጌቲቭ ውጤት የያዘ ሰው ሐኪሙን ሁለት ነገር ቢጠይቅ አያፍርም፤ ጠቅላላ አይጂኤዬ ታይቷል ወይ? ደሙ ሲቀዳስ ምን እየበላሁ ነበር? ሁለተኛውን ጥያቄ በወረቀቱ ላይ የሚጽፍ ላብራቶሪ የለም።

ጣሪያውም የሚነበበው በዋዛ አይደለም። ላብራቶሪዎች የየራሳቸው መለኪያ ስላላቸው የአንዱ 20 ከሌላው 20 ጋር አይወዳደርም። ትርጉም ያለው ቁጥሩ ከራሱ ጣሪያ ስንት እጥፍ ነው የሚለው ነው። የአውሮፓ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2012፣ ቀጥሎም በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ የልጁ ቲቲጂ ከጣሪያው 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሌላ ጊዜ በተቀዳ ደም ላይ ደግሞ ኢኤምኤ ፖዘቲቭ ከወጣ፣ ወላጆች ተስማምተው ያለ ባዮፕሲ (ያለ አንጀት ናሙና) በሽታው አለ ብሎ መወሰን ይቻላል ብሏል። ይህ የብዙ ልጆችን ማደንዘዣ አስቀርቷል። አዋቂዎች ላይ ክርክሩ አልተቋጨም። ፊንላንድ ለእነሱም ፈቅዳለች፤ እንግሊዞች በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ናሙናው የሚወሰድበትን ኢንዶስኮፒ ሲያስተጓጉልባቸው ለተወሰኑ አዋቂዎች በሩን ከፈቱ፤ አሜሪካኖቹ ግን አሁንም ለአዋቂ ኢንዶስኮፒን ያስቀድማሉ። እኔ ለአዋቂ ወደ ኢንዶስኮፒው አደላለሁ። ዕድሜ ልክ የሚከተል ፍርድ ስለሆነ፣ በተለይ ቁጥሩ መሀል ላይ ለዋለለበት ሰው፣ ዓይን ያየው ማስረጃ ቢኖር ይሻላል። ምርመራው ግን ከንቱ እንዳይሆን፣ ጉዳቱ ዝንጉርጉር ሆኖ ስለሚገኝ ቢያንስ አራት ናሙና ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ክፍል፣ አንድ ወይም ሁለት ደግሞ ከጨጓራ መውጫው ሥር መወሰድ አለበት። አንድ ቁራጭ ብቻ ተወስዶ «ጤነኛ ነህ» መባል ብዙ አያስተማምንም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ፤ ዳቦውን አስቀድሞ የተወ ሰው ምን ይሁን? የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና መመሪያ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ6 ሳምንት በየቀኑ ከአንድ በላይ ገበታ ላይ ግሉተን ይበላ ይላል። ሌሎች ደግሞ በቀን 3 ግራም ለሁለት ሳምንት፣ ከተቻለ እስከ 8 ሳምንት የሚል አጭር መንገድ አቅርበዋል፤ አንድ ቁራጭ የስንዴ ዳቦ 2 ግራም ገደማ ግሉተን ስላለው ልኩ በቀን አንድ ተኩል ቁራጭ አካባቢ ነው። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ከዓመት በኋላ ሆዱ አርፎ ሥራውን በሰላም የሚሠራ ሰው ግን «ያንን መርዝ መልሰህ ብላ» ሲባል እምቢ ቢል አይፈረድበትም፤ ብዙዎችም እምቢ ይላሉ።

ለእንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ መታዘዝ ያለበት የዘር ምርመራ ይመስለኛል። ሴሊያክ ያለበት ሰው ሁሉ ለማለት ይቻላል ዲኪው2 ወይም ዲኪው8 የተባሉትን የዘር ምልክቶች ይሸከማል። እነዚህን ለማየት ዳቦ መብላት አያስፈልግም፤ ዘር በአመጋገብ አይለወጥም። ምልክቶቹ ከሌሉ ሴሊያክ የለም ማለት ይቻላል፤ ሰውየው ከብዙ ሥቃይ ይድናል። ካሉ ግን «አለብህ» ማለት አይደለም። ከአውሮፓ ዘር ሰዎች ከሦስት አንዱ ያህል ይሸከማቸዋል፤ አብዛኛው ሽሮ ይሁን ስንዴ ያሻውን በልቶ በጤና ያረጃል። ይህንን ሳይረዱ «ጂኑ ተገኘብኝ» ብለው ራሳቸውን ታማሚ ያደረጉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

«ግን እኮ ዳቦ ስተው ተሻለኝ!» ለሚለው መልሱ፦ ይሆናል፣ መሻሉ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። በ2018 የታተመ የኖርዌይ ጥናት ሴሊያክ የሌለባቸውንና በራሳቸው ፈቃድ ግሉተን የተዉ 59 ሰዎችን ወሰደ። ሦስት ዓይነት መክሰስ ተዘጋጀላቸው፤ አንዱ ግሉተን ያለበት፣ ሁለተኛው ፍሩክታን የሚባል የስኳር ዓይነት የገባበት፣ ሦስተኛው ሁለቱም የሌሉበት። የትኛውን እንደሚበሉ አይነገራቸውም። ሆዳቸውን ይበልጥ ያስቸገረው ፍሩክታኑ ሆኖ ተገኘ፤ ግሉተኑ ከባዶው አልተለየም። ፍሩክታን በስንዴ ውስጥ አለ። በቀይ ሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርትም አለ፤ እንዲያውም በብዛት። የዶሮ ወጥ ቁሌት ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚበላ የሚያውቅ ሰው ይህንን ሲሰማ ቆም ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ዳቦን ከስሶ ከእያንዳንዱ ወጥ በኋላ ግን ሆዱ የሚነፋ ሰው፣ ተጠርጣሪውን ገና አልያዘም።

ጾምም የራሱን ግርታ ይፈጥራል። በዐቢይ ጾም ወተት፣ ቅቤና አይብ ይወጣሉ፤ ገበታው በእንጀራ፣ በሽሮና በጎመን ይሞላል። ሀምሳ አምስቱን ቀን ሆዱ ያረፈለት ሰው ለፋሲካ ሲፈስክ፣ ክትፎው ከነአይቡና ከነቅቤው፣ ድፎ ዳቦውም አንድ ላይ ይመጡበታል። ሲታመም ዳቦውን ይወቅሳል። የወተት ስኳር የማይስማማው አዋቂ ደግሞ በእኛ ዘንድ ብዙ ነው። ነገሩን የበለጠ የሚያወሳስበው፣ ሴሊያክ ራሱ አንጀቱን ስለሚጎዳ ለጊዜው ወተትን የሚያስጠላ መሆኑ ነው። እንግዲህ በምግብ ሙከራ ብቻ የሚሄድ ሰው ሁለት ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ለውጦ ከአንዱ ጋር ይፋረዳል። ጃርዲያም ቢሆን የአንጀቱን ዘርፎች ሊያሳጥርና ሴሊያክ ሊመስል ይችላል፤ ኦልሜሳርታን የሚባለው የደም ግፊት መድኃኒትም አልፎ አልፎ እንዲሁ ያደርጋል። በጠብታ ደም የመቶ ምግብ «አለመስማማት» እናወጣለን የሚሉትን የንግድ ምርመራዎች ግን አልፋቸዋለሁ፤ የሚለኩት አይጂጂ አንድ ሰው ያንን ምግብ መብላቱን እንጂ መታመሙን አያሳይም፤ ገንዘብ መጣያ ናቸው።

«ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለውም አይሠራም። በ1999 የታተመ ጥናት በአልጄሪያ የስደተኞች ካምፕ ከሚኖሩ የሰሐራዊ ልጆች 5.6 ከመቶው ሴሊያክ እንዳለባቸው አሳይቷል፤ በአንድ ሕዝብ ላይ ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው ነው፤ የተገኘውም በአፍሪካ ምድር ነው። የእኛ ምግብ ግሉተን የለበትም ብሎ መኩራራትም ከግማሽ በላይ አይዘልቅም። ጤፍ በእርግጥ የለበትም፤ የላይደን ተመራማሪዎች በ2005 አሥራ አራት የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው ይህንኑ አረጋግጠዋል። ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ቆጮና ቡላም ነፃ ናቸው። ነገር ግን ባሌና አርሲ የስንዴ አገር፣ መንዝ የገብስ አገር ነው። ቆሎው፣ በሶው፣ ቂንጬው፣ የገብስ ገንፎው፣ አምባሻው፣ ብቅል የገባበት ጠላ፣ ሁሉም ግሉተን ያላቸው ናቸው። ጠጅ የማርና የጌሾ ስለሆነ ይተርፋል፤ ለጠጅ ወዳጆች የምሥራች ነው።

ተመርምሮ ሴሊያክ ለተረጋገጠበት ሰው ደግሞ «እንጀራ» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ሱቅ ውስጥ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው እንጀራ አብዛኛውን ጊዜ ጤፍ ከገብስ፣ ከስንዴ ወይም ቤኪንግ ፓውደር ከተቀላቀለበት የስንዴ ዱቄት ጋር ነው፤ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ዓይኑም ያምራል። ንጹሕ ጤፍ ቢቦካም እርሾው ካለፈው ድብልቅ ሊጥ የተቀዳ ከሆነ ስንዴው ተመልሶ ገባ ማለት ነው። አገር ቤት ችግሩ ወፍጮ ቤት ነው። ከፊት ያለችው ሴት ስንዴ ካስፈጨች፣ ድንጋዩ ላይና ቱቦው ውስጥ የቀረው ዱቄት ቀጥሎ በሚመጣው ጤፍ ወይም ሽሮ ውስጥ ይገባል። «ከግሉተን ነፃ» ለመባል ዓለም አቀፉ መለኪያ በኪሎ 20 ሚሊግራም ብቻ ስለሚፈቅድ፣ ይህ ቀሪ ዱቄት ቀላል አይደለም። አንዳንድ ቤተሰብ እህሉን ለብቻ ያስፈጫል ወይም የወፍጮውን የመጀመሪያ ኪሎ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ይህን ሁሉ ለዕድሜ ልክ የሚሸከም ሰው በርግጠኝነት ማወቅ ይገባዋል፤ የምርመራው ዋጋም እዚህ ላይ ነው። «ይመስለኛል» ብሎ የተወ ሰው ሠርግ ላይ ትንሽ ይቀምሳል፣ ለቅሶ ቤት የቀረበለትን አይመልስም። የተረጋገጠበት ሰው ግን ለአስተናጋጁም ለንስሐ አባቱም (ቁርባኑ የስንዴ ነውና) የሚናገረው ነገር አለው፤ አጥንቱ ይለካል፣ አይረኑ ይታያል። ደሙም በየጊዜው ይቀዳል፤ አሁን ግን የሚፈለገው ቁጥሩ ሲወርድ ማየት ነው። አንጀቱ ከደሙ ይዘገያል፤ በአዋቂዎች ላይ በተደረገ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከሁለት ዓመት በኋላ ዘርፎቹ ሙሉ በሙሉ ያገገሙላቸው አንድ ሦስተኛው ገደማ ብቻ ነበሩ። ሜልቦርን ውስጥ ደግሞ ደሙ ከሰውነት ውጭ ከግሉተን ጋር ተቀላቅሎ የሚያወጣውን ኢንተርሉኪን-2 የሚለካ ምርመራ እየተሞከረ ነው፤ ከተሳካ ዳቦ ለተዉት ሰዎች ያ የስድስት ሳምንት መከራ ይቀራል። ለጊዜው ግን ከምርምር ቤት አልወጣም።

በሽታው ከተገኘበት ሰው እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እኅትና ልጆች መካከል ከአሥር አንዱ ገደማ ሊይዘው ስለሚችል ሁሉም ይመርመሩ ይባላል። ብዙ ቤት ግን እናትየዋ ገና ውጤቷን እንደያዘች፣ ልጆቹ እንዳይጎዱ ብላ ስንዴውን በሙሉ ከቤት ታስወጣለች። ከወራት በኋላ ልጆቹን ይዛ ላብራቶሪ ስትሄድ የሚጠብቃት ንጹሕ ወረቀት ነው፤ ልጆቹ ጤነኛ ይሁኑ አይሁኑ ወረቀቱ አይነግራትም። ስለዚህ መጀመሪያ የልጆቹ ደም ይቀዳ፤ ጓዳው ከዚያ በኋላ ይጸዳል።